ከዘጸአት 31 ወደ 35 መዝለል አይቻልም፦ ስለ መገናኛው ድንኳን ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን እስራኤላውያን በምድረ በዳ ለአምልኮ ስለ ሠሩት የመገናኛ ድንኳን ግንባታ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከተለያዩ ወዳጆች ደረሰኝ። አብዛኞቹ «አንብበው፣ በጣም ያንጻል» ብለው ነው የላኩት። አንዲት እህት ግን «እውነት መጽሐፉ እንደዚህ ነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ምላሽ በዋናነት የምጽፈው ለእሷ ነው። ጸሐፊውም እንደሚያነቡት ተስፋ አደርጋለሁ።

ጽሑፉን ላላነበባችሁ ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው የወንጌል አገልጋይ ናቸው። የሚያገለግሉባት ቤተ ክርስቲያን አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ተነሥታለች። ምእመናኑን ለዚህ ሥራ ለማነሣሣት ከድንኳኑ ታሪክ ትምህርት ያወጣሉ። እስራኤላውያን ወርቃቸውን ስለ ሰጡ የእግዚአብሔር ክብር ወረደ፤ ስለዚህ ትልቅ የሰጠ ትልቅ ክብር ያያል ይላሉ። ሙሴ ንድፉን በተራራው ላይ ብቻውን ስለ ተቀበለ መሪ ስለ ራእዩ አይጠየቅም ይላሉ። የድንኳኑን ሥራ የመራው ባለሙያ ባስልኤል ልዩ ቅባት የነበረው ሰው ስለሆነ ዋናው ሥራ የተቀቡት ድርሻ ነው፣ የሌላው ድርሻ እነሱን መደገፍ ነው ይላሉ። ሥራው ያለ ዕረፍት ቀን ከሌት ተሠርቶ አለቀ፣ ወርቁም እግዚአብሔር የሚያስደምም ሕንፃ እንደሚወድ ያሳያል ይላሉ። በመጨረሻም የመጋረጃዎቹን ቀለማትና ሳንቆቹን የሚያያይዙትን መወርወሪያዎች እያነሡ የእያንዳንዱን ስውር ምስጢር ይፈታሉ።

ለእግዚአብሔር ቤት ያላቸውን ቅናት አከብራለሁ። ምእመናን ተሰብስበው የሚያመልኩበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ከአንዱ የኪራይ አዳራሽ ወደ ሌላው የሚንከራተቱ ጉባኤዎች አገር ውስጥም ውጭም ሞልተዋል። ጥያቄዬ ሕንፃ ይሠራ ወይስ አይሠራ አይደለም። ጥያቄዬ ይህ ታሪክ እሳቸው ያሉትን ይላል ወይ ነው።

ከሁሉ በፊት ስለ ተዘለለው ነገር ልናገር። ኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ በሰፊው የሚናገረው ሁለት ጊዜ ነው። ከምዕራፍ 25 እስከ 31 እግዚአብሔር ለሙሴ ትእዛዙን ይሰጣል። ከምዕራፍ 35 እስከ 40 ሕዝቡ የታዘዘውን ይሠራል። ጸሐፊው ከሁለቱም ክፍሎች በብዛት ጠቅሰዋል። በመካከል ያሉትን ሦስት ምዕራፎች ግን አንዴም አልነኩም። ከ31 ቀጥ ብለው ወደ 35 ተሻግረዋል። የተዘለሉት ምዕራፎች የወርቁ ጥጃ ታሪክ ናቸው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሙሴ በተራራው ላይ የድንኳኑን ትእዛዝ ሲቀበል ሕዝቡ ከተራራው በታች ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። አሮን የወርቅ ጉትቻችሁን አምጡ አለ። አመጡ። ማንም አላጉረመረመም፤ ከጆሯቸው አውልቀው ሰጡ። ጥጃው ተሠራ። አሮን ነገ የእግዚአብሔር በዓል ነው ብሎ ዐወጀ። በማግስቱ ሕዝቡ ማልዶ ተነሥቶ መሥዋዕት አቀረበ።

እስቲ ልብ በሉ። ልግስና ነበረ። ትጋት ነበረ። መሪ ነበረ። የእግዚአብሔርም ስም ተጠርቷል። ጸሐፊው ክብርን ያወርዳሉ ያሏቸው ነገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል በምዕራፍ 32 ውስጥ አሉ። የመጣው ግን ክብር አልነበረም። ሙሴ ጥጃውን አቃጠለው፣ ፈጨው፣ በውኃ ላይ በትኖ አጠጣቸው። በዚያ ቀን ሦስት ሺህ ያህል ሰው ሞተ። እግዚአብሔርም አንገተ ደንዳና ሕዝብ ስለሆናችሁ በመንገድ ላይ እንዳላጠፋችሁ በመካከላችሁ አልሄድም አለ። በመካከላቸው ሊያድር መቅደስ ሥሩልኝ ያለው አምላክ ነው ይህን ያለው። ሙሴም ድንኳኑን (ገና ያልተሠራውን መቅደስ ሳይሆን ያኔ የነበረውን ድንኳን) ከሰፈሩ ውጭ ራቅ አድርጎ ተከለ።

ምዕራፍ 35 ከዚህ በኋላ ሲነበብ ሌላ ነገር ይናገራል። ስጦታ ይዘው ከመጡት መካከል አሁንም ጉትቻ ያመጡ አሉ። ሕዝቡ ያው ሕዝብ ነው። ወርቁም ከግብፅ ሲወጡ ከጎረቤቶቻቸው የተቀበሉት ወርቅ ነው። በመካከል የተለወጠው ነገር የሙሴ ምልጃና የእግዚአብሔር ምሕረት ነው። ሙሴ አንተ ከእኛ ጋር ካልወጣህ ከዚህ አታውጣን ብሎ ለመነ። እግዚአብሔርም ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ አለ። መሐሪ፣ ለቁጣ የዘገየ፣ ምሕረቱና እውነቱ የበዛ መሆኑን በሙሴ ፊት ዐወጀ። ይህ ሁሉ የሆነው ለመቅደሱ አንዲት ጉትቻ ሳትሰጥ ነው።

ስለዚህ ሕዝቡ ወርቁን ይዞ የመጣው ይቅር ከተባለ በኋላ ነው። የእግዚአብሔርን መገኘት ለመግዛት አይደለም። መገኘቱ አስቀድሞ ተስፋ ተሰጥቷቸዋል። ወንድማችን «ስጡና ክብሩ ይወርዳል» ሲሉ ታሪኩን ከኋላ ወደ ፊት አንብበውታል። ይህ ልዩነት ለአንድ ተራ ምእመን ብዙ ነው። በእሳቸው አነባበብ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው እግዚአብሔር ከእሱ ርቋል ብሎ ያስባል። በመጽሐፉ አነባበብ ግን ጥጃ የሠራ ሕዝብ እንኳ «ከእናንተ ጋር እሄዳለሁ» ተብሏል።

አሁን ወደ ስጦታው ልግባ። ጸሐፊው ብዙ ገጽ የሰጡት ለዚህ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳመጣ ይጠቅሳሉ፤ እኛም ከዚያ ባነሰ እንዳንረካ ይመክራሉ። ጥቅሱ ትክክል ነው፤ ምዕራፍ 36 ላይ አለ። ግን የሚያልቀው እንዴት ነው?

ሕዝቡ በየማለዳው ስጦታ ያመጣል። ጠቢባኑ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ወደ ሙሴ መጡ። ሕዝቡ ለሥራው ከሚበቃው በላይ እያመጣ ነው አሉት። ሙሴም በሰፈሩ ሁሉ ዐዋጅ አስነገረ፤ ወንድም ሆነ ሴት ከእንግዲህ ለመቅደሱ ስጦታ አያዘጋጅ። ሕዝቡም ማምጣቱን ተወ። ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ጸሐፊው «ብዙ ስጡ» ለማለት የተጠቀሙበት ክፍል መጨረሻው «አቁሙ» የሚል ዐዋጅ ነው።

ዐዋጁን ያስነሡት ደግሞ ሠራተኞቹ መሆናቸው ይገርመኛል። ወርቁና ጨርቁ የሚከማቸው በእነሱ እጅ ነበር። ትርፉን ለሌላ ነገር እናውለው፣ ድንኳኑን ትንሽ እናስፋው አላሉም። የሥራው ልክ ስለሚታወቅ የሚበቃውም ይታወቅ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ለስንት ዓመት መዋጮ ተሰብስቦ ስንት እንደሚበቃ ምእመኑ የማያውቅበት ቦታ አለ። እንደዚያ ባለ ቦታ ይህን ምዕራፍ ጠቅሶ መስበክ ይከብዳል።

ሌላም የተደበላለቀ ነገር አለ። በድንኳኑ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስጦታ ነው ያለው። አንደኛው የፈቃድ ስጦታ ነው። ልቡ ያነሣሣው ሰው ያመጣል፤ ወርቅም፣ የፍየል ጠጉርም፣ የግራር እንጨትም ይሆናል። መጠን አልተቆረጠለትም። ሁለተኛው ግዴታ ነው። በምዕራፍ 30 መሠረት ዕድሜው 20 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ ግማሽ ሰቅል (የጥንት የክብደት መለኪያ ነው) ብር ይሰጣል። ባለጠጋ አይጨምርም፣ ድሃ አያጎድልም። ወንድማችን ሁለቱን አንድ ላይ አቅልጠው ሦስተኛ ነገር ሠርተዋል፤ ግዴታ የሆነ፣ ግን ባለጠጋው የሚበልጥበት ስጦታ። እንዲህ ያለ ስጦታ በዘጸአት ውስጥ የለም።

ያ ግማሽ ሰቅል ምን እንደተሠራበት ጸሐፊው ቢያነሡት ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ እጅግ የሚያምረው ክፍል ይህ ነው። የተቆጠሩት ወንዶች 603,550 ናቸው። ግማሽ ግማሽ ሰቅል ሲሰጡ 301,775 ሰቅል ይሆናል። አንድ መክሊት 3,000 ሰቅል ነው። ስለዚህ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ሆነ። ከመቶው መክሊት መቶ የብር እግሮች ተሠሩ፤ ለአንዱ እግር አንድ መክሊት። ድንኳኑ 48 ሳንቆች አሉት። በእያንዳንዱ ሳንቃ ሥር ሁለት እግር አለ፤ 96 ይሆናል። የቀሩት አራቱ የውስጠኛው መጋረጃ ምሰሶዎች የቆሙባቸው ናቸው። በወርቅ የተለበጠው ያ ሁሉ ሳንቃ የቆመው ድሃውና ባለጠጋው እኩል ባዋጡት ብር ላይ ነው። ያም ብር የማስተስረያ ገንዘብ ይባል ነበር። በስርየት ፊት ማንም ከማንም እንደማይበልጥ በብር እግር ተጽፎ ከመሬቱ ላይ ተቀምጧል።

በብዙ ጉባኤዎቻችን የምናየው የተገላቢጦሽ ነው። ቃል የገባው ሰው ስም ከነገንዘቡ መጠን በማይክሮፎን ይነበባል፣ ይጨበጨባል። ጉሊት ቸርችራ የምታድር እናት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ለዚህ ዓይነቱ ሥርዓት የድንኳኑን ታሪክ ማስረጃ ማድረግ ፈጽሞ አይቻልም።

«መሪ አይጠየቅም» የሚለው ነጥብም መልሱ እዚያው ሒሳቡ ውስጥ ነው ያለው። እርግጥ ንድፉ የታየው ለሙሴ ነው። ሙሴ ግን በንድፉ ላይ አንዲት ክንድ የመጨመር ነፃነት አልነበረውም። በምዕራፍ 39 እና 40 እግዚአብሔር ሙሴን እንዳዘዘው የሚለው ቃል እየተደጋገመ የሚመጣው ሥራው ከተሰጠው ንድፍ ዝንፍ አለማለቱን ሊያሳይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 38 የሒሳብ መዝገብ እናገኛለን። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል። ብሩ ከላይ ያየነው። ናሱ 70 መክሊት ከ2,400 ሰቅል። መክሊቱን ወደ 34 ኪሎ ብንይዘው ወርቁ አንድ ቶን ገደማ፣ ብሩ ሦስት ቶን ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። መዝገቡ የተያዘው በሙሴ ትእዛዝ ነው፤ ያዡም የአሮን ልጅ ኢታምር ነው። ብሩና ናሱ በምን በምን ላይ እንደዋለ በዝርዝር ተጽፏል።

ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረ ሰው ነው ሒሳብ ያቀረበው። ማንም አላስገደደውም። የአይሁድ ትውፊት በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ይጨምራል። ሙሴ ሒሳቡን ሲያቀርብ 1,775ቱ ሰቅል የት እንደገባ ለጊዜው ጠፋበት፣ ኋላ ግን የምሰሶዎቹ ኩላብ መሆኑ ታወሰው ይላል። ትውፊቱን መቀበል ግድ አይደለም። ያንን ታሪክ ያቆዩት ሰዎች ግን ምዕራፉን በሚገባ አንብበውታል፤ የሕዝብ ገንዘብ የያዘ ሰው፣ ሙሴም ቢሆን፣ እያንዳንዷ ሰቅል የት እንደደረሰች መናገር አለበት። በኋላ እነቆሬ በተነሡበት ጊዜ ሙሴ ከእነርሱ አንድ አህያ እንኳ አልወሰድሁም ማለት የቻለው እንዲህ ስለኖረ ነው። «ራእዩ የእኔ ነው፣ አትጠይቁኝ» የሚል ሙሴ በኦሪት ውስጥ አላገኘሁም።

ስለ ባስልኤል ጸሐፊው ያነሡት ጥሩ ነገር አለ። በእግዚአብሔር መንፈስ የተሞላ ሰው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚያ ተነሥተው ባስልኤልን የዘመናችን «የተቀባ አገልጋይ» አደረጉት። ባስልኤል መድረክ ላይ አልቆመም። ወርቅና ብር ሠራ፣ ድንጋይ ቀረጸ፣ እንጨት ጠረበ። በመጽሐፍ ቅዱስ መንፈስ እንደሞላባቸው የተነገረላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። ነገሥታት አይደሉም፣ ነቢያትም አይደሉም።

ብቻውንም አልነበረም። ባስልኤል ከይሁዳ ነገድ ነው፤ አብሮት የተጠራው የአሂሳሚክ ልጅ ኤልያብ ከዳን ነገድ ነው። በምድረ በዳው ጉዞ ይሁዳ ፊት ይሄዳል፣ ዳን ከኋላ ደጀን ሆኖ ይከተላል። እግዚአብሔር ከፊተኛውና ከኋለኛው ነገድ ሁለት ሰዎች ጠርቶ በአንድ ሥራ ላይ አቆማቸው። ለሁለቱም ሌሎችን የማስተማር ችሎታ ሰጣቸው። ሙያውን ሊያካፍሉት እንጂ ለብቻቸው ሊይዙት አልተሰጣቸውም። በልባቸው ጥበብ ያላቸው ሴቶች በእጃቸው ፈተሉ፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ግምጃ፣ ቀይ ግምጃ፣ ጥሩ በፍታ አመጡ፣ የፍየል ጠጉርም ፈተሉ። ታዲያ «ደጋፊ» የተባለው የትኛው ነው?

ይህ ነጥብ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የተለየ ክብደት አለው። ድንኳኑን የሠሩት ሙያዎች አንጥረኛነት፣ ሽመና፣ ፈትል፣ ቆዳ ማልፋት፣ አናጢነት ናቸው። አገራችን ለዘመናት የናቀቻቸው ሙያዎች እነዚሁ ናቸው። ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያልን ሰደብን። ሸማኔውን አልዳርነውም፣ አላገባነውም። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በብረትና በሸክላ ሥራ ሲተዳደሩ ቡዳ ተባሉ። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ታቦትን በዚህን ያህል የሚያከብር ሕዝብ ታቦቱን የሠራውን እጅ ናቀ። ከባስልኤል ታሪክ የሚወጣው ትምህርት እዚህ ላይ ነበር መዋል ያለበት። ጸሐፊው ግን የባለሙያውን ክብር ወስደው ለመድረክ አገልጋይ ሰጡት። ይህ በጣም አሳዝኖኛል።

ያለ ዕረፍት ተሠራ ስለተባለው ብዙ አልልም፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ ይመልሰዋል። በምዕራፍ 31 የግንባታው ትእዛዝ ተነግሮ ሲያበቃ ወዲያው የሚከተለው የሰንበት ትእዛዝ ነው። በምዕራፍ 35 ሙሴ ሕዝቡን ለሥራ ሲሰበስብ ስለ ስጦታ ከመናገሩ በፊት ስለ ሰንበት ተናገረ። ስድስት ቀን ሥሩ፣ በሰባተኛው ዕረፉ፤ ለመቅደሱ ቢሆንም። የአይሁድ ሊቃውንት በሰንበት የተከለከሉትን 39 የሥራ ዓይነቶች ያያያዙት ከዚህ ግንባታ ጋር ነው። ቤተሰባቸውን ሳያዩ፣ ጤናቸውን እየጎዱ «ለጌታ ሥራ» የሚሮጡ ወጣት አገልጋዮች በየቤተ ክርስቲያኑ አሉ። ጽሑፉ ለእነሱ ተጨማሪ ሸክም ነው የሆነባቸው።

ከዚያ ወርቁ ይመጣል። ጸሐፊው የወርቁን ብዛት አይተው እግዚአብሔር የሚያስደምም ሕንፃ ይወዳል ብለው ደመደሙ። ወርቁ የት እንደነበር እንይ። የአደባባዩ አጥር ከፍታው አምስት ክንድ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ አሥር ክንድ። ክንዱን ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ብንይዘው አጥሩ ከሁለት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከውጭ የቆመ ሰው ከአጥሩ በላይ የሚያየው የድንኳኑን መደረቢያ ቁርበት ነው። ወርቁ በአብዛኛው ከውስጥ ነበር። ወደዚያ የሚገቡትም ካህናቱ ብቻ ናቸው። የውስጠኛውን ክፍል ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንዴ ይገባበታል። ሰፈሩ ሲነሣ ደግሞ የተቀደሰው ዕቃ ተሸፋፍኖ ነው የሚጓዘው፤ የሚሸከሙት ሌዋውያን፣ የቀዓት ልጆች፣ እንኳ እንዳያዩት ተከልክለዋል። ይህ ለእይታ የተሠራ ወርቅ አይደለም።

መጠኑም ትንሽ ነው። ርዝመቱ 30 ክንድ፣ ወርዱ 10 ክንድ፤ በእኛ መለኪያ 60 ካሬ ሜትር ገደማ። ከአንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ብዙም አይበልጥም። ኋላ ዳዊት ትልቅ ቤት ሊሠራ ሲያስብ እግዚአብሔር በናታን በኩል መለሰለት። እስከ ዛሬ በድንኳን ስመላለስ የዝግባ ቤት ስለ ምን አልሠራችሁልኝም ብዬ የጠየቅሁት አለ ወይ አለው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ ከእስራኤል 30,000 ሰው በግዴታ አሰማርቷል። ድንኳኑ ግን ልባቸው ባነሣሣቸው ሰዎች እጅ ተሠራ። ሕንፃ ማማሩ ኃጢአት አይደለም። «እግዚአብሔር ይህን ይፈልጋል» ለማለት ግን ድንኳኑ ምስክር አይሆንም።

ስለ ምስጢራቱ ጸሐፊው አምስቱ መወርወሪያዎች አምስቱ የአገልግሎት ስጦታዎች (ሐዋርያ፣ ነቢይ፣ ወንጌላዊ፣ እረኛና አስተማሪ) ናቸው ይላሉ። ይህ ትርጓሜ በብዙ ቦታ ሲሰበክ ይሰማል። መወርወሪያዎቹ ግን አምስት አይደሉም። በአንዱ ወገን አምስት፣ በሌላው ወገን አምስት፣ በኋላ በኩል አምስት ናቸው፤ በጠቅላላው 15። የሚቀሩት አሥሩ ምን ሊሆኑ ነው? ቀለማቱንም እንዲሁ። ሰማያዊው ሰማይ፣ ሐምራዊው ንግሥና፣ ቀዩ ደም ነው ይላሉ። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ እነዚሁ ቀለማት መሬት፣ ባሕር፣ አየርና እሳት ናቸው ብሎ ነበር። በፍታው መሬት፣ ሐምራዊው ባሕር፣ ሰማያዊው አየር፣ ቀዩ እሳት። ሁለቱም ትርጓሜዎች ያምራሉ። ሁለቱንም ግን መጽሐፍ ቅዱሱ አልተናገራቸውም።

ድንኳኑ ጥላ መሆኑን አልክድም። የዕብራውያን መልእክት በግልጽ ይናገረዋል፤ መጋረጃውን፣ ደሙን፣ ሊቀ ካህናቱ በዓመት አንድ ጊዜ መግባቱን ከክርስቶስ ጋር አያይዞ ያብራራል። ይኸው መልእክት በምዕራፍ 9 መቅረዙን፣ ገበታውን፣ ታቦቱን፣ ኪሩቤልን ከጠቀሰ በኋላ ስለ እያንዳንዳቸው አሁን በዝርዝር መናገር አንችልም ብሎ ያልፋል። ሐዋርያዊው ጸሐፊ ካለፈው እኛም ማለፍ እንችላለን። የሚያስጨንቀኝ ቀለሙ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ምስጢር የሚያዩት መገለጥ ያላቸው ብቻ ናቸው ማለታቸው ነው። አንዲት ምእመን ዘጸአትን ከፍታ ራሷ አንብባ እንዳትረዳ የሚያደርግ ትምህርት አያንጻትም።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው ወደ ምዕራፍ 40 ይሄዳሉ። ሥራው አለቀ፣ ደመናው ሸፈነው፣ ክብሩ ሞላው፤ ሙሴ እንኳ መግባት አቃተው። ይህን ክፍል ስሜት በሚነካ ቋንቋ ጽፈውታል፤ እኔንም ነክቶኛል። ከዚያ ግን «ስንጨርስ በእኛም ላይ እንዲሁ ይሆናል» ብለው ይዘጋሉ። ያው ድንኳን በኋላ ምን እንደገጠመው አይናገሩም።

ድንኳኑ ወደ ከነዓን ገባ፣ በሴሎ ተተከለ። በካህኑ በዔሊ ዘመን ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ካህናት ነበሩ። የሕዝቡን መሥዋዕት በጉልበት ይወስዱ ነበር። በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶችም ጋር ይተኙ ነበር። እነዚህን ሴቶች ከዚያ በፊት አግኝተናቸዋል። ዘጸአት 38 ላይ የመታጠቢያው ሰን የተሠራው በድንኳኑ ደጅ ከሚያገለግሉት ሴቶች የናስ መስተዋት እንደሆነ ተጽፏል። ካህናቱ ወደ ድንኳኑ ሲገቡ እጃቸውንና እግራቸውን የሚታጠቡበት ሰን ነው። በመጀመሪያው ትውልድ ሴቶቹ መስተዋታቸውን ሰጥተው ካህናቱ እንዲነጹ አደረጉ። በዔሊ ዘመን ግን ካህናቱ በዚያው ደጅ ላይ የሚያገለግሉትን ሴቶች አረከሱ። ድንኳኑ አልተለወጠም። ወርቁም አልጎደለም። ግን ፍልስጥኤማውያን ታቦቱን ማረኩ፣ ከእስራኤል 30,000 እግረኛ ወደቀ። የፊንሐስ ሚስት ስትሞት ክብር ከእስራኤል ለቀቀ አለች።

ከብዙ ዘመን በኋላ ኤርምያስ በኢየሩሳሌም በቤተ መቅደሱ በር ቆመ። ሕዝቡ የእግዚአብሔር መቅደስ፣ የእግዚአብሔር መቅደስ እያለ በሕንፃው ይታመን ነበር። ኤርምያስ ወደ ሴሎ ሂዱና ያደረግሁበትን እዩ የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ነገራቸው። የጠየቃቸውም መጻተኛውን፣ ድሃ አደጉንና መበለቲቱን እንዳይገፉ ነው። ጸሐፊው ክብሩ ሞላ በሚለው ላይ ሲያቆሙ ሴሎን ከአንባቢው ሰውረውታል።

ቀጣዩ ክፍል ስለ ካህናት ልብስ እንደሚሆን ጽሑፉ ላይ ተገልጿል። ወንድማችን እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ለምእመናኑ ሁለት ነገር እንዲመልሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለሕንፃው ስንት ሲሰበሰብ ነው «ይበቃል» ተብሎ የሚታወጀው? ሒሳቡንስ በጉባኤው ፊት የሚያቀርበው ማን ነው፣ መቼስ ነው የሚያቀርበው?